ያልተከደነው ጉድጓድ

የአስቴር እናት ላም የሞተችው የወላይታ አዲስ ዓመት ጊፋታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አልበላ አለች። በግራ ጎኗ በኩል ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ማመንዠኳን ተወች፣ ዓይኗ ፈዘዘ። ዘይት አጠጧት፤ ጎኗን አሹላት፤ ከወዲያ ወዲህ እየጎተቱ አንሸራሸሯት። በአራተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ የሴትዮዋን ልቅሶ ሰምቼ ወጣሁ። ቤታችንን የሚለየው አንድ የእንሰት ጓሮ ብቻ ነው።

ቆዳዋን ሊገፉ የመጡት ወጣቶች ሆዷን ሲከፍቱት እኔም ቆሜ ነበር። ከጨጓራዋ ውስጥ ከሰው ራስ የሚተልቅ ድብልብል ነገር ወጣ። አንደኛው ልጅ ጫፉን ይዞ ሲጎትተው እንደ አሮጌ ገመድ እየተተረተረ ይረዝም ጀመር። ጥቁር ፌስታል፣ ነጭ ስስ ፌስታል፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ፌስታል፣ የማካሮኒ መጠቅለያ፣ የማዳበሪያ ክር፣ ደግሞ ሌላ ጥቁር ፌስታል። አንዳንዱ አሁንም ቋጠሮው አልተፈታም። አንዲት እናት ለልጇ የሆነ ነገር ቋጥራ የሰጠችበት ቋጠሮ በላሟ ሆድ ውስጥ እንደታሰረ ነበር። ሽታው አሁንም ከአፍንጫዬ አልወጣም።

የአስቴር እናት ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ ነው። የሦስት ልጆቿ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ከዚያች ላም ቅቤ ነበር። ክምሩን አየችና ወደ እኔ ዞረች። በአጥቢያችን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ በከተማችን በቤሌም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው፤ ሰው መልስ ሲቸግረው ወደ እኔ ያያል። የጠየቀችኝ «ምን ገደላት?» ብላ አይደለም። በወላይትኛ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «መምህር፣ ማን ገደላት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ተከፍቶ ስለነበር ነገሩን ክፍል ውስጥ አነሳሁት። በ2017 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቋል፤ ፌስታል ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንም መጠቀምንም ከልክሏል። ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። የሚያመርተው፣ ለንግድ የሚያስገባውና የሚሸጠው ደግሞ ከ50,000 እስከ 200,000 ብር። ቁጥሮቹን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኳቸው። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሕጉ የወጣው አምና ነው። ላሟ የበላችው ፌስታል ግን የቆየ ነው። ያን ጊዜ የጣለው ሰው ታዲያ ምን አጠፋ?»

ሕገ መንግሥቱን የሚያስተምር ሰው ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ አንቀጽ 22። አንድ ድርጊት ሲፈጸም ወንጀል ካልነበረ በኋላ በወጣ ሕግ ሰው አይቀጣም። ይህን ነገርኩት። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «እሱማ ገብቶኛል፤ አይቀጣም። እኔ የጠየቅሁት አጥፍቷል ወይ ነው።» ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ደወሉ እስኪደወል ስለ አንቀጽ 44 ተናገርኩ፤ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ግን እየተናገርኩ የልጁን ጥያቄ እየሸሸሁ እንደነበር አውቄዋለሁ። ቅጣት ከሕግ ይመጣል። ጥፋት ከየት ነው የሚመጣው?

ለእውነቱ ከሆነ ሕግም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና በተፈጥሮ የማይበሰብስ ፌስታል እንዲመረትም እንዲገባም ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ልጁ ከመወለዱ በፊት ማለት ነው። በእነዚህ 18 ዓመታት ግን ያ ትንፋሽ የሚያበረው ስስ ፌስታል ከቤሌ ሱቆች ጠፍቶ አያውቅም። ሕግ ተጽፎ ዝም ሲል ሰዎች ከዝምታው ይማራሉ። እኔም ተምሬአለሁ። ከሶዶ ስመለስ በሚኒባስ መስኮት ሙዝ የበላሁበትን ፌስታል ከነልጣጩ ወርውሬ አውቃለሁ። ልጣጩን አፈር በላው። ፌስታሉን ምን እንደበላው አሁን አውቃለሁ።

ያን ሰሞን ማታ ማታ ኦሪትን ማንበብ ያዝኩ። በዘጸአት ምዕራፍ 21፣ ቁጥር 33 እና 34 ላይ አንድ ሕግ አለ። ስንት ዓመት እያነበብኩ አልፌዋለሁ። ጉድጓድ የከፈተ ወይም የቆፈረ ሰው ሳይከድነው ቢተው፣ በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት፣ ባለ ጉድጓዱ ለከብቱ ባለቤት ዋጋውን ይከፍላል፤ የሞተው ከብት ደግሞ ለእርሱ ይሆናል። ሰውየው በሬ ለመግደል አስቦ ነበር ወይ ብሎ ማንም አይጠይቅም። ጉድጓድ መቆፈርም ነውር ነው አልተባለም፤ ውሃ የሚገኘው ከጉድጓድ ነው። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አለመክደኑ ነው ጥፋቱ። የከፈትከውን ነገር መዝጋት የአንተ ነው።

ይህ ሕግ ለአስቴር እናት ጥያቄ የተጻፈ መሰለኝ። ፌስታል ክዳን የሌለው ጉድጓድ ነው። ያውም በአንድ ቦታ የማይቀመጥ ጉድጓድ፤ ነፋስ ያነሳዋል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ አጥር ላይ ይሰቀላል፣ ሣር ውስጥ ተኝቶ የጨው ሽታ ይዞ ላም ይጠብቃል። ፌስታልን በዓለም ላይ መጀመሪያ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሠራው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተሰጥቶበታል። የቱሊን ልጅ በኋላ እንደተናገረው አባትየው ያሰበው ለወረቀት ከረጢት ተብሎ የሚቆረጠውን ዛፍ ለማዳን ነበር፤ እርሱ ራሱ አንዱን አጣጥፎ በኪሱ እየያዘ ደጋግሞ ይገለገልበት ነበር። ይህን ሳነብ ሰውየው አሳዘነኝ። መልካም አሳብ ነበረው። የዘጸአት ሕግ ግን ስለ አሳብ አይጠይቅም፤ ክዳኑ የታለ ነው የሚለው።

እናቴ በዚህ ነገር የራሷ ታሪክ አላት። ዕድሜዋ ሰማንያን ተሻግሯል፤ «አዬ» ነው የምንላት። ከልጅነቴ ጀምሮ ቅቤ ስትሸጥ አውቃታለሁ። ሌሊት የተናጠውን ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበዋለች፤ ከጓሮ ከኡታው፣ እናንተ እንሰት ከምትሉት፣ ሰፊ ኮባ ትቀነጥሳለች፤ ቅጠሉን በእሳት ላይ ለአፍታ ታሳልፈውና ይለዝባል፤ ቅቤውን ሁለት ጊዜ ጠቅልላ በቃጫ ታስራለች። ኮባው ሰም እንዳለው ሁሉ ቅቤውን አያፈስም፣ ፀሐይም ቶሎ አያቀልጠውም። የገዛው ሰው ቤቱ ገብቶ ቅቤውን ሲያወጣ ቅጠሉን ወደ ውጭ ይጥላል፤ ላም ትበላዋለች። በእኛ አገር የበጋ ወራት ሣር ሲጠፋ ከብት የሚያድረው በእንሰት ቅጠል ነው። መጠቅለያው ተመልሶ ወተት ይሆናል። ቅቤው የወጣበትን ቅጠል ላሟ በልታ ሌላ ቅቤ ትሰጣለች። ስለ ክዳን ሳስብ ይህ ይታየኛል፤ እናቴ የከፈተችው ጉድጓድ ራሱን በራሱ ይከድን ነበር።

በየት በኩል ነው ይህ የተለወጠው? በትዕዛዝ አይደለም። ገዢዎች ናቸው የጀመሩት። ቅቤ ውስጥ ሌላ ነገር የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች በዙ፤ ገዢው ውስጡን ሳያይ አልገዛም አለ፤ ኮባ አያሳይም፣ ነጭ ፌስታል ያሳያል። «እማማ፣ በፌስታል አድርጊልኝ» ማለት መጣ። አለመተማመን ገበያ ውስጥ ሲገባ ፌስታል ተከትሎት ገባ። አዬ ለሁለት ዓመት ያህል እምቢ አለች፤ ቅቤዋን ይዛ እየተመለሰች። ከዚያ እርሷም ከሱቅ አንድ እስር ፌስታል ገዛች።

እንግዲህ አዲሱ አዋጅ ቤሌ ገበያ ሲደርስ የሚያገኛት እርሷን ነው። ጉልቷ ላይ ተቀምጣ፣ በጉልበቷ ላይ አምስት ፌስታል ዘርግታ። ትንሹ ቅጣት 2,000 ብር። ለአንድ ደመወዝተኛ ይህ ወሩን የሚያጎድልበት ገንዘብ ነው። ለእርሷ የስንት ገበያ ድካም እንደሆነ ልጇ ነኝና አውቀዋለሁ። አምራቹ ደግሞ ትንሹን ቅጣት 50,000 ብር ከፈለ እንበል። የእርሷን 25 እጥፍ ነው። ግን እርሱ ያመረተው የእርሷን 25 እጥፍ አይደለም። በአንድ ቀን ከማሽኑ የሚወጣው እርሷ በዕድሜዋ ከዳሰሰችው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ስለ ድሀ ማዘን ብቻ እንዳይመስል እፈራለሁ። በክፍል ውስጥም በመድረክም ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ብዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን እኩል ማለት ምንድነው? በዘሌዋውያን ምዕራፍ 5 ሳያውቅ ስለበደለ ሰው ተጽፏል። በግ ያመጣል። በግ ለማምጣት እጁ ካጠረ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገል። ያንንም ካጣ የኢፍ መስፈሪያ አንድ አሥረኛ ዱቄት። በደሉ አንድ ነው፤ መሥዋዕቱ ግን በሰውየው እጅ ልክ ተሰፈረ። ካህኑ የድሀውን ዱቄት ሲቀበል ከበጉ ያነሰ ስርየት አልሰጠውም። ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ቅጣቱ ሁሉንም እኩል እንዲያመው የተሰፈረው በቁጥር ሳይሆን በሕመሙ ነው። በ2,000 እና በ5,000 መካከል ያለው ክፍተት ለዳኛው የተተወ ነው፤ ግን ከ2,000 በታች ርግብ የለም፣ ዱቄት የለም።

ቅጣት ከልክ ሲወጣ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። ሰው ቅጣትን እንደ ዋጋ መቁጠር ሲጀምርም ነው። በእስራኤል ሃይፋ ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች በአሥር የሕፃናት ማቆያዎች ያደረጉት ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ታትሟል። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ እየዘገዩ አስቸገሩ። በአንዳንዶቹ ማቆያዎች ለዘገየ ወላጅ መጠነኛ ቅጣት ተጣለ። የዘገዩት ቀነሱ? ጨመሩ፤ ወደ እጥፍ ገደማ ደረሱ። ቀድሞ የሚዘገይ ወላጅ አስተማሪዋን እያስቸገርኩ ነው ብሎ ያፍር ነበር፤ አሁን ከፍሎ የገዛው ሰዓት ሆነለት። ቅጣቱ ሲነሳም ኀፍረቱ አልተመለሰም። ይህን ነው የምፈራው። ነገ አንድ ባለ ሱቅ ቅጣቱን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ኪሱ አስገብቶ፣ «ዕዳዬን ከፍያለሁ» ብሎ ፌስታሉን ቢቀጥል፣ የቀረችውን ትንሽ ዕፍረት ገዝተን ጨረስናት ማለት ነው።

ታዲያ ቅጣት ይቅር? አይቅር። ኬንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 2017 ፌስታል ስትከለክል ቅጣቱን እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግና እስከ አራት ዓመት እስራት አደረሰችው። ብዙ ሰው ጭካኔ ነው ብሎ ነበር፤ ከናይሮቢ ጎዳናዎች ላይ ግን ፌስታል በዓይን እንደቀነሰ የሄዱ ሁሉ ይናገራሉ። ሩዋንዳ ከእርሷ ቀድማ በ2008 ከልክላለች። ኤርትራም ከሁለቱ በፊት በ2005። የሚሠራ ነገር ነው። ደግሞም የአስቴር እናት በሰዎች ኅሊና መታመኗ ላሟን አላዳነላትም። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ከፋብሪካው በር ቢጀምርና የአዬን ጉልት መጨረሻ ላይ ቢደርስ እመኛለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ኮባውም፣ ዘንቢሉም፣ የቃጫ መያዣውም ወደ ገበያው ይመለሱ። የምጨነቀው ሕጉ ብቻውን የተማሪውን ጥያቄ መመለስ ስለማይችል ነው።

አያቴ ያንን ጥያቄ ያለ ችግር ትመልሰው ነበር። ወንጌልን የተቀበለችው ካረጀች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የምታውቀው ጎሜን ነበር። ጎረቤቶቻችን ጋሞዎችም ቃሉን ያውቁታል። ጎሜ ማለት የምድርን ወግ ማፍረስ ነው። ማንም አላየህም፣ ሽማግሌ አልፈረደብህም፣ ግን ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይሞታል፣ ልጅ ይታመማል፤ ያኔ ሰዎች ተሰብስበው «ማን ምን አደረገ?» ይላሉ። በደለኛው ራሱ ይናዘዛል፤ ይታረቃል። እኔ በክርስትና ስላደግሁ ይህን እንደ ፍርሃት አድርጌ ነበር የማየው። ዝናብ የሚቀረው በኃጢአት ነው ብዬም ዛሬም አላምንም። ነገር ግን አያቴ አንድ ነገር ታውቅ ነበር፤ ጥፋት ፖሊስ ከመድረሱ በፊት እንዳለ። ከብቱ ሲሞት «ማን ምን አደረገ?» ብለው መጠየቃቸው፣ የአስቴር እናት «ማን ገደላት?» እንዳለችው ነው። ከጎሜው ፍርሃቱን ስናስወግድ ጥያቄውንም አብረን ጣልነው መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የራሷን ምስክርነት ትሰጣለች። የውጭ ሚስዮናውያን ወደ ወላይታ የመጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ነው። ጣሊያን በ1937 ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 ገደማ ሆነው አገኟቸው። በመካከሉ የነበረው እስርና ግርፋት ነው። እነዚያ ሰዎች ተቀጥተው ኑሯቸውን አልለወጡም፤ ቢቀጡም አልተመለሱም። ስለዚህ ለወላይታ ሰው ቅጣት ብቻ ልብን እንደማይለውጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አያቶቹ በጀርባቸው ያውቁታል። የሰበክነው ነገር ግን ስለ ሰማይ ብዙ፣ ስለ ምድር ጥቂት ነበር። እኔ ራሴ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከመድረክ ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ዝሙት ሰብኬአለሁ። ስለ ፌስታል አንድም ቀን አልሰበክሁም። ከአምልኮ በኋላ ቆሎና ዳቦ የምናድለው በፌስታል ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ፣ ክምሩ ምሽት ላይ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቡልዶዘሩ ሲቆፍር፣ ፌስታልና ሃይላንድ ከአፈሩ ጋር ሲገለበጥ አይቼ ነበር። ማን ገደላቸው? ክምሩ ላይ አንድ ከረጢት የጨመረ እያንዳንዱ ሰው «እኔ አይደለሁም» ማለት ይችላል፤ እውነቱንም ነው። ሁሉም እውነቱን ነው፤ ሰዎቹ ግን ሞተዋል። የዘጸአት ጉድጓድ እዚህ አይበቃም። ጉድጓዱ የአንድ ሰው ነበር፤ ይህ የሁሉም ነው።

ለዚህ የሚሆነው በዘዳግም ምዕራፍ 21 ያለው ነው። የተገደለ ሰው ሜዳ ላይ ተገኘ፤ ገዳዩ አልታወቀም። ሽማግሌዎች ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ። በጣም የቀረበችው ከተማ ሽማግሌዎች ያልሠራች፣ ቀንበር ያልነካት ጊደር ወስደው ውሃ ወደሚፈስበት ሸለቆ ያወርዷታል፤ አንገቷን ይሰብራሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ። እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰም ይላሉ፤ ይቅርታም ይለምናሉ። ወጣት ሳለሁ ይህ ትርጉም የለሽ ሥርዓት ይመስለኝ ነበር። ያልገደሉ ሰዎች ስለ ምን ይቅርታ ይለምናሉ? አሁን ግን ሳነበው ቆምኩ። ገዳዩ ስላልታወቀ ደሙ ባለቤት አልባ ሆኖ እንዳይቀር ነው። በሕግ በደለኛ ያልሆነ ሰው በቅርበቱ ብቻ ተጠያቂ ይሆናል። ለዚህ ነው መለካት ያስፈለገው።

ይህን ባነበብኩ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላሟ ትሰማራበት ወደነበረው ቦታ ሄድኩ። ከመንደራችን ጀርባ የሚወርድ የጎርፍ ቦይ አለ። ክረምት ሲሆን ውሃው ከገበያውና ከመንገዱ የለቀመውን ሁሉ እየገፋ በዚያ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ኦሞ። ኦሞ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት አለ፤ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ አገሪቱ የምትኮራበት ግድብ። ውሃው እዚያ ይቆማል። ውሃው ይዞት የሄደውም አብሮት ይቆማል። ከኦሞ ማዶ ያሉት ዳውሮዎች፣ ወደ ታች እስከ ቱርካና ሐይቅ ያሉት ሰዎች የቤሌን ገበያ አያውቁትም፤ ፌስታላችን ግን ሊያውቃቸው ይችላል።

ቦዩ ዳር ላሟ ትታሰርበት የነበረው ችካል አሁንም አለ። ከችካሉ ተነስቼ በእርምጃ ለካሁ። ወደ አስቴር እናት ቤት 67 እርምጃ። ወደ ላይኛው ባለ ሱቅ 90 አለፈ። ወደ እኔ ቤት የኋላ አጥር 41። እዚያ አጥር ሥር፣ ልጆቼ ትናንሽ ሳሉ፣ ባለቤቴና እኔ የቤታችንን ቆሻሻ የምንጥልበት ቦታ ነበር። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይወስድልን ነበር። «ይወስድልን ነበር» ነው የምንለው፤ ለካ ወዴት ብለን አልጠየቅንም።

በእሑዱ ስብሰባ ላይ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ይህን ነገርኳቸው፤ እርምጃዎቹንም ጭምር። አንደኛው «አንተ ነህ ያለህ ማንም የለም» አለኝ። እውነት ነው፤ አንቀጽ 22 ይጠብቀኛል። ሌላው ሽማግሌ ግን፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ «የእኔ ቤት ከቦዩ ስንት እርምጃ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሄደን ለካን። 58። እንዲህ እያልን የሰባት ቤት ርቀት ለካን፤ በእያንዳንዱ ደጅ ላይ ሰዎች ወጥተው ቆመው ያዩናል፤ ምን እንደምንለካ ሲሰሙ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ገብቶት አንገቱን አቀረቀረ። እድራችንም ገንዘብ ጨመረ። ጥቅምት ላይ አንዲት ቀይ ጊደር ገዝተን ለአስቴር እናት ወሰድንላት። በዘዳግም ጊደሯ ትሞታለች፤ የእኛይቱ እንድትኖር ነው የፈለግነው። መክፈሌ ቅጣት ይሁን ካሣ፣ መሥዋዕት ይሁን ምጽዋት እስካሁን ስም አላገኘሁለትም። በዘጸአት ግን የሞተው ከብት ለባለ ጉድጓዱ ይሆናል ስለሚል፣ ከላሟ ሆድ የወጣውን ያን ክምር ከወጣቶቹ ተቀብዬ በማዳበሪያ አስሬ በግቢዬ አስቀምጬዋለሁ። ልቀብረው እችል ነበር። ብቀብረው ሌላ ጉድጓድ ነው።

ለአዬ ከጓሮዬ ኮባ ቀንጥሼ በየገበያው ቀን እወስድላታለሁ። ደንበኞቿ እንዲያምኗት ቅቤዋን ከፍታ እንደገና ትጠቀልላለች፤ ጊዜ ይወስዳል፤ እርሷ ግን «የጊዜ ድሀ አይደለሁም» ትላለች።

የአስቴር እናት ጊደሯን ወደ ቦዩ አታወርዳትም። ግቢዋ ውስጥ አስራ፣ በየማለዳው ማጭድ ይዛ ከሩቅ ሣር እያጨደች በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣላታለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቻት ሸክሟን ልቀበላት ብል አልሰጠችኝም። ወደ ቦዩ በአገጯ ጠቁማ፣ «መምህር፣ ተጠርጓል?» አለችኝ። ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር አራት ቅዳሜ ለቅመን እንደነበር ታውቃለች። ወደ ቦዩ አየሁ። ባለፈው ሌሊት ከላይ ዘንቦ ነበር።